በሬው ከዳገት ሲታይ፦ የጥንት ቻይናውያን ስለ ዓይንና ጆሮ ምን አሉ?

ኮምቦልቻ ውስጥ ቻይናዊ ማየት ብርቅ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን ኢንዱስትሪ ፓርክ የገነባውም የቻይና ተቋራጭ ነው። የጥንት ቻይናዊ አሳቢ ሲባል ግን ብዙዎቻችን የምናስበው ጢሙን አንዠርግጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተራራ ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ነው። ከፊልም የወረስነው ይመስለኛል። ጥንታውያኑ ግን ስለ ዓይንና ጆሮ ሲከራከሩ የኖሩ፣ ነገር የሚወዱ ሰዎች ነበሩ።

ተረት፦ የቻይና ጠቢባን ሕዋሳትን ይንቁ ነበር።

ለዚህ ወሬ ሰበቡ በላኦዚ ስም የሚታወቀው መጽሐፍ ነው። የቀለም፣ የድምፅና የጣዕም ብዛት ሕዋስን እንደሚያደነዝዝ ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያው ግን ስለ መጠን ማለፍ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የኖረው ሞዚ ደግሞ በተቃራኒው ቆሟል። አንድ አባባል እውነት መሆኑ የሚለካባቸውን ሦስት መመዘኛዎች ሲያስቀምጥ፣ አንዱን ሕዝቡ በዓይኑ ያየውና በጆሮው የሰማው አደረገው። ሌሎቹ ሁለቱ የጥንት ነገሥታት ሥራና ለሕዝብ የሚሰጠው ጥቅም ናቸው።

ተረት፦ በዓይን በብረቱ የታየ ነገር አያከራክርም።

ሞዚ ራሱ በዚህ ተሰናክሏል። መናፍስት መኖራቸውን ለማስረዳት ያቀረበው ማስረጃ «ብዙ ሰው አይቷቸዋል» የሚል ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የመጣው አሳቢ ሹንዚ ይህን ሳይመረምር አላለፈም፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠውም እሱ ነው።

ሹንዚ የጠየቀው «ማን አየ?» ብሎ አይደለም፤ ሰውየው በምን ሁኔታ ላይ ሆኖ አየ ብሎ ነው። በጨለማ የሚሄድ ሰው የተጋደመ ቋጥኝ ያያል፣ ያደፈጠ ነብር ይመስለዋል። የሰከረ ሰው ሰፊውን ጉድጓድ ትንሽ ቦይ አድርጎ ሊዘለው ይነሳል። ዓይኑን በጣቱ የተጫነ ሰው አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያያል። ከተራራ ላይ ደግሞ በሬ በግ ያህላል፤ ሆኖም በግ የጠፋበት ሰው ያንን ሊጎትት አይወርድም፣ ርቀት እንደሚያሳንስ ያውቃልና። ከደሴ ወደ ገራዶ ቁልቁል ሲወርድ ሜዳው ላይ የተሰማራውን ከብት ያየ ሁሉ ይህን ያለ መጽሐፍ ይመሰክራል። በሬው በግ ሲመስል ዓይናችን አልዋሸም፤ የሚሳሳተው ርቀቱን ሳያስብ የሚፈርደው ሰው ነው።

ሹንዚ ዓይንን፣ ጆሮን፣ አፍን፣ አፍንጫንና አካልን የሰማይ ሹማምንት ይላቸዋል፤ ልብን ደግሞ ገዣቸው ያደርገዋል። ልብ ያጣራል፣ ይመረምራል። ነገር ግን ሹማምንቱ የየድርሻቸውን ሳያመጡለት የሚያጣራው ነገር የለውም። ልብ ሲታወክ ግን ፍርዱም ይታወካል። አንድ ፈሪ ሰው በጨረቃ ብርሃን ሲሄድ አጎንብሶ ጥላውን አየና መንፈስ አደረገው፤ ቀና ሲል የገዛ ፀጉሩን ጋኔን አደረገው፤ ሮጦ ቤቱ ሲደርስ ሞተ። በሹንዚ ዘንድ መናፍስት የሚታዩት ልብ በደነገጠበትና በተጠራጠረበት ሰዓት ነው። አንዳንዴም ይቀልዳል፦ ቅዝቃዜና እርጥበት የጎዳው ሰው ከበሮ እያስመታ አሳማ ቢሠዋ፣ ከበሮው ያረጃል፣ አሳማው ያልቃል፣ ሕመሙ ግን ይቀራል።

ተረት፦ ጥንታዊ ቻይና ውስጥ ተፈጥሮን በዓይን መርምሮ ምክንያቱን የፈለገ አልነበረም።

የሞዚ ተከታዮች ትተውት ባለፉት ጽሑፍ ውስጥ ስለ ብርሃን፣ ስለ ጥላና ስለ መስታወት ተከታታይ ድንጋጌዎች አሉ። ብርሃን እንደ ተወረወረ ቀስት ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ ጽፈዋል። በዚህም የተነሳ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ከታች የመጣው ወደ ላይ፣ ከላይ የመጣው ወደ ታች ስለሚያርፍ ምስሉ እንደሚገለበጥ አስረድተዋል። ፎቶ ካሜራም ምስሉን የሚይዘው ገልብጦ ነው።

ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ምስማር በበሳው ቀዳዳ ገብታ ወለሉ ላይ የምታርፈው ክብ ብርሃን የዚሁ ሥራ ናት። ክብነቷ ከቀዳዳው የመጣ ይመስላል፤ ክብ የሆነችው ግን የፀሐይ ምስል ስለሆነች ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በግርዶሽ ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ስትሆን፣ ደሴና ገራዶ ላይ ደግሞ በከፊል ስትሸፈን፣ ሰማዩ በጠራበት ስፍራ በዛፍ ቅጠል መካከል ሾልኮ የወረደው ብርሃን ማጭድ ማጭድ ሆኖ ነበር። ቀዳዳዎቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠችው ፀሐይ ናት።

ተረት፦ አምስቱን ሕዋሳት የቆጠሩት ግሪኮች ብቻ ናቸው።

አይደለም። የሞዚ ተከታዮችም ስለ አምስት የዕውቀት መንገዶች ይናገራሉ። እንዲያውም ጨምረው፣ የጊዜን ርዝመት በአምስቱም መንገድ እንደማናውቀው ጽፈዋል። ይህ ዛሬም የሚያከራክር ነው።

ተረት፦ ዧንግዚ «ዓይን አያስፈልግም» ብሏል።

ዧንግዚም የጥንት ቻይናዊ አሳቢ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው በሬ የሚበልት ሰው፣ በዓይኑ ሳይሆን በመንፈሱ እንደሚሠራ ለጌታው ይነግረዋል። ሰው ይህን ይዞ ይሮጣል። ቅርጫ ላይ ቢላ የያዘ ሰው ግን ቀሪውን ያውቀዋል። በላቹ መጀመሪያ የሚያየው በሬውን በሙሉ ነበር፤ ሦስት ዓመት ከሠራ በኋላ ነው እንደዚያ ማየቱ የቀረለት። ቢላዋው ለ19 ዓመት ስለቱ ያልደነዘዘው አጥንት ስለማይመታ፣ በመገጣጠሚያው ክፍተት ስለሚያስገባው ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጠቃሾቹ የሚዘሉት ዐረፍተ ነገር አለ፦ ጅማት የተወሳሰበበት አስቸጋሪ ቦታ ሲደርስ በላቹ እጁን ያዘገያል፣ ዓይኑንም እዚያው ላይ ይተክላል።