ሐሳባችን ሲበተን እንዴት እናጥና?



ዓይናችሁ ፊደሉን እያየ ልባችሁ ኳስ ሜዳ ሄዶ ያውቃል? ገጹ ያልቃል፤ የተያዘ ቀለም ግን የለም። በዚህ ጊዜ አንዳንድ ልጆች «እኔ ትምህርት አይገባኝም» ብለው ተስፋ ይቆርጣሉ፤ ከጉባኤም ይቀራሉ። ልጆች፣ የትልልቆችም ሐሳብ ይበተናል። በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ ምእመናንን ደጋግሞ የሚያነቃው ልባቸው ከጸሎቱ እንዳይርቅ ነው።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 እንደምናነበው ማርታ በብዙ ሥራ ስትባክን እኅቷ ማርያም በጌታችን እግር ሥር ተቀምጣ ቃሉን ትሰማ ነበር። ጌታችንም የማርያምን ምርጫ አመሰገነ። እኛም ስናጠና አንዱን ነገር እንምረጥ። እንዴት ቢሉ፦

1ኛ. አማትባችሁ አጭር ጸሎት ጸልዩ። ስልክና ቴሌቪዥን ካለበት ራቁ።

2ኛ. ትምህርቱን ከፋፍሉት። አባቶቻችን መዝሙረ ዳዊትን ለየዕለቱ ከፍለውልናል። የሰኞው ከ1 እስከ 30፣ የረቡዕ ከ61 እስከ 80 ነው። ውዳሴ ማርያምም በ7ቱ ዕለታት ተከፍሏል።

3ኛ. ድምፃችሁን አሰምታችሁ አንብቡ። ከዚያም መጽሐፉን ዘግታችሁ በቃላችሁ በሉት። የአብነት ተማሪዎች የተማሩትን እንዲህ ደጋግመው ይቀጽላሉ።

4ኛ. ሐሳባችሁ ከሄደ አትበሳጩ። ካቆማችሁበት መስመር ጀምሩ። አሥር ጊዜ ቢሄድ አሥር ጊዜ መልሱት፤ መመለሱም ራሱ ትምህርት ነው።

እስቲ ዛሬ ማታ አንዲት አንቀጽ ብቻ በዚህ መንገድ አጥኑና እሑድ ለጓደኞቻችሁ በቃል አሰሙ።

አምላካችን ማስተዋልን ያድለን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።