አጎቴና አፈ ሙዘ አጭሯ ኮልት

ሰው በልጅነቱ አይቶ የተመኘው ነገር ከልቡ ቶሎ አይወጣም። አንዱ ብስክሌት፣ ሌላው በቅሎ፣ ሌላው ደግሞ የእጅ ሰዓት ይመኛል። በአሜሪካን አገር በቨርጂኒያ የሚኖሩት አጎቴ ግን ሃምሳ ዓመት ያህል ሲመኙ የኖሩት አንዲት ትንሽ ሽጉጥ ነበረች። ባለፈው ዓመት ልጠይቃቸው ሄጄ በነበረበት ጊዜ ይህችው ሽጉጥ ስትገኝም ስትተኮስም ለማየት በቃሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከአያቴ ቤት ነው። አያቴ አንዲት ስድስት ጎራሽ ኮልት ነበረቻቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጥይቶቿን አውጥተው በጨርቅ ይወለውሏትና ዘይት ይቀቧት ነበር። ልጆች ቆመው ማየት እንጂ መንካት አይፈቀድላቸውም። ከአብዮቱ በኋላ አያቴ ሽጉጧን ለመንግሥት አስረከቡ፤ አጎቴም ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። ምኞቱ ግን አብሯቸው ተሰደደ።

የዚች ሽጉጥ ስም ኮልት ዲቴክቲቭ ስፔሻል ይባላል። ዲቴክቲቭ ማለት መርማሪ ፖሊስ ማለት ነው። የኮልት ፋብሪካ በኮኔክቲከት ስቴት በሃርትፎርድ ከተማ ሠርቶ ለገበያ ያወጣት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1927 ዓ.ም. ነው፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸውም ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። የተለመደው የፖሊስ ሽጉጥ የደንብ ልብስ ለብሶ በግልጽ ለሚታጠቅ ሰው የተመቸ ነበር። መርማሪው ግን እንደ ማንኛውም ሰው ኮትና ከረባት አድርጎ ስለሚሄድ መሣሪያው እንዳይታይበት ይፈልጋል። ስለዚህ ፋብሪካው አፈ ሙዙን ወደ ሁለት ኢንች፣ ማለት አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል አሳጠረው። ክብደቷ 600 ግራም ገደማ ሲሆን ስድስት ጥይት ትጎርሳለች። ተፎካካሪው ስሚዝ ኤንድ ዌሰንም በ1950 ዓ.ም. ቺፍስ ስፔሻል የተባለችውን አወጣ፤ እርሷ ግን ይበልጥ ትንሽ በመሆኗ የምትጎርሰው አምስት ብቻ ነው።

በሲኒማ ባርኔጣውን ዝቅ አድርጎ ከካፖርቱ ኪስ ሽጉጥ የሚመዘውን መርማሪ ያላየ የለም። ታሪክ ግን ሌላም ነገር መዝግቧል። ኅዳር 24 ቀን 1963 ዓ.ም. በዳላስ ከተማ ጃክ ሩቢ፣ ፕሬዚዳንት ኬኔዲን በመግደል የተከሰሰውን ሊ ሃርቪ ኦስዋልድን በፖሊሶች መካከል ተኩሶ የገደለው የዲቴክቲቭ ስፔሻል እኅት በሆነችው፣ ኮብራ በተባለች ቀላል ኮልት ነበር። ለመርማሪው ኪስ የተመቸች ሽጉጥ ለነፍሰ ገዳዩም ኪስ ተመችታ ተገኘች።

ከ1980ዎቹ ጀምሮ የአሜሪካ ፖሊሶች ብዙ ጥይት ወደሚጎርሱት አውቶማቲክ ሽጉጦች ዞሩ። ዲቴክቲቭ ስፔሻልም በ1986 ዓ.ም. መሠራቷ ቆመ፤ በ1993 ዓ.ም. ተመልሳ ሁለት ዓመት ያህል ቆይታ እንደገና ቀረች። ዛሬ የሚፈልጋት ሰው ያገለገለችውን መፈለግ አለበት።

አጎቴ ሲፈልጉ የኖሩትም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያዋ ያየናት ከ1973 ዓ.ም. ወዲህ ከተሠሩት አንዷ ነበረች። በእነዚህ ላይ ቀለህ የሚያስወጣው ቀጭን ዘንግ በብረት ስለተሸፈነ አጎቴ፣ «የአባቴ ዘንጓ የተገለጠ ነበር» ብለው መለሷት። ሁለተኛዋ ፍጹም የአያቴን ትመስላለች፤ ቀለሟም እንደ መስታወት ያበራል። አጎቴ ባዶ መሆኗን ካረጋገጡ በኋላ መቺውን በአውራ ጣታቸው ቀስ እያደረጉ ስድስት ጊዜ ወደ ኋላ ሳቡት። ጥይት የሚጎርሰው ተሽከርካሪ ክፍል መቺው ጨርሶ ከመሳቡ በፊት ቀጥ ብሎ መቆለፍ ሲገባው፣ ሁለት ጊዜ ሳይቆለፍ ቀረ። እንዲህ ያለችው ሽጉጥ ስትተኮስ ጥይቱ ከአፈ ሙዙ ጋር ሳይገጥም ይወጣና የእርሳስ ፍንጣሪ ወደ ጎን ይረጫል፤ አጠገብ የቆመን ሰውም ታቆስላለች። አጎቴ እያዘኑ አስቀመጧት።

ሦስተኛዋ ቀለሟ ተፍቆ፣ የእንጨት እጀታዋ ተጭሮ ነበር፤ ስድስቱም ግን ቀጥ ብለው ተቆለፉ። አጎቴ ቅጹን ሞልተው፣ የስቴቱ ፖሊስ ስማቸውን እስኪያጣራ ተቀምጠው ጠብቀው፣ ዘጠኝ መቶ ዶላር ከፍለው ወሰዷት።

በማግሥቱ ወደ መተኮሻው ሄድን። በጉብኝት ቪዛ የገባ የውጭ አገር ሰው፣ ሕጉ ከዘረዘራቸው ጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ መሣሪያ መያዝ ስለማይፈቀድለት እኔ ከመስታወቱ በስተኋላ ቆምኩ። ዒላማው ከሰባት ያርድ አይርቅም። አጎቴ ምላጩን ስድስት ጊዜ ሳቡ። ሦስቱ ወረቀቱን ዳር ዳሩን ሲመቱት የቀሩት ሳቱት! ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ምላጩ ከባድና ረጅም ስለሆነ ሲስቡት እጅን ያናውጣል፤ አፈ ሙዙ አጭር ስለሆነም ማነጣጠሪያው ትንሿን ስሕተት አያሳይም። በሁለተኛው ስድስት መቺውን እየሳቡ፣ ትንፋሻቸውን እየያዙ ተኮሱ፤ አምስቱ መካከሉን አገኙት። ሲወጡ መዳፋቸው ቀልቶ ነበር። «በሲኒማ እየሮጡ የሚተኩሱት ሰዎች ሲዋሹን ኖረዋል» አሉኝ።

ማታ ጥይት አለመኖሩን ሦስት ጊዜ አይተው ይወለውሏትና ዘይት ይቀቧት ጀመር። ሽታው ክፍሉን ሲሞላው እጃቸውን አቁመው፣ «ልጄ፣ ይህ የአባቴ ቅዳሜ ነው» አሉ። የስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸው መጥቶ እጁን ሲዘረጋ ግን ድምፃቸው ተለወጠ፤ «ማየት እንጂ መንካት የለም!» አሉት። አያቴ የተናገሩ መሰለኝ። ከዚያም ሽጉጧን በብረት ሣጥን፣ ጥይቶቹን በሌላ ሣጥን ቆልፈው ቁልፎቹን ከአንገታቸው አንጠለጠሉ።

እኛ ወጣቶች መሣሪያን የምናውቀው አብዛኛውን ጊዜ ከሲኒማ ነው፤ እዚያም ሽጉጥ አይከብድም፣ አይስትም፣ ባለቤቱንም አያስጨንቅም። አጎቴ ግን ሃምሳ ዓመት የተመኟትን በእጃቸው ባስገቡበት ቀን ያገኙት ደስታን ብቻ አልነበረም፤ የአባታቸውን ጭንቀትም ጭምር ነው። የተመኘነውን ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ያገኘነውን መጠበቅ ግን ከዚያ የሚበልጥ ሥራ መሆኑን ከዚያች ትንሽ ኮልት ተምሬ ተመልሻለሁ።