ሠርጉን ያራዘመው አክሲዮን

የዛሬውን ጉዳይ ያመጣሁት ከባንኮ ጎቲቲ ነው። ለቡና ለቀማ አጎቴ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። አልጋው ላይ የተሰጣውን ቡና ስናገላብጥ አንዲት የጎረቤት ልጅ ጠጋ አለችኝና «አንተ የከተማ ሰው ነህ፤ እስቲ አክሲዮን ምን እንደሆነ ንገረኝ» አለችኝ።

እጮኛዋ አሜሪካ ነው። ጠቅልሎ መጥቶ ሊያገባት ቃል ገብቶ ሠርጉን ሁለት ጊዜ አራዝሞባታል። ምክንያቱ ደግሞ «መሥሪያ ቤቴ አክሲዮን ሊሰጠኝ ነው፤ አሁን ከለቀቅኩ ይቀርብኛል» የሚል ነው። «አክሲዮን የምትባል ሴት ትኖር ይሆን እንዴ?» ብትለኝ ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ነገሩስ ውሸት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ኩባንያዎች ለሠራተኛው «ይህን ያህል ዓመት ከሠራህ አክሲዮናችንን በዛሬው ዋጋ ትገዛለህ» ብለው ይዋዋላሉ። የዛሬው ዋጋ 10 ዶላር ሆኖ በኋላ 25 ቢገባ፣ በ10 ገዝቶ 15 ያተርፋል። ወደ 7 ከወረደ ግን ውሉ ወረቀት ብቻ ነው። ቀኑ ሳይደርስ የለቀቀም አብዛኛውን ጊዜ ያጣዋል። የኛን ቡና የሚሸጠው ስታርባክስ እንኳ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ግማሽ ቀን ለሚሠሩት ሳይቀር ድርሻ ሰጥቷል።

አጎቴ ለካ ይሰሙናል! «ዋጋው በምን ይወጣል?» አሉ። አንዱ መንገድ ኩባንያው በትርፉ የራሱን አክሲዮን ከገበያ መልሶ መግዛቱ ነው አልኳቸው። አሥር ሰው በእኩል ያዋጣበት የቡና መፈልፈያ ቢኖርና የሁለቱ ድርሻ በትርፉ ቢገዛ፣ የቀሩት ስምንቱ ለእያንዳንዳቸው የሚደርሳቸው ከፍ ይላል።

«ታዲያ ያን ብር ለሠራተኛው ደሞዝ አያደርጉትም?»

አሜሪካኖቹም የሚጨቃጨቁት በዚሁ ነው። ሃዋርድ ሹልትዝ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ስታርባክስ ሲመለስ፣ ገንዘቡ ለሱቆቹና ለሠራተኞቹ ይዋል ብሎ ግዢውን አቁሞት ነበር።

ለልጅቷ የመከርኳት አንድ ነገር ነው። ውሉ ላይ ቀን አለ፤ ያንን ገጽ ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ አልኳት። እናንተም እንዲህ ያለ እጮኛ ካላችሁ ይህንኑ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር የለውም።

በሦስተኛው ቀን ላከላት፣ እንግሊዝኛውን እኔ አነበብኩላት። አክሲዮኑ በየዓመቱ ሩብ ሩብ እየሆነ በአራት ዓመት የሚያልቅ ነው። ሁለቱ ሩብ ደርሶለታል፤ የቀረው ገና ሁለት ዓመት ይፈልጋል። አልዋሸም፣ ግን ሁሉንም አልነገራትም።

በጣቷ ቆጠረች። «ግማሹ ለሠርግ አይበቃም?» አለችና ስልኳን ተቀብላኝ እዚያው ጻፈችለት። ከባንኮ ስወጣ መልሱ ገና አልመጣም ነበር።