የወተት ፕሮቲን ስባሪዎችና የደም ግፊት

እንደ ኢናላፕሪልና ካፕቶፕሪል ያሉት በስፋት የሚታዘዙ የደም ግፊት ክኒኖች የሚያከናውኑትን ተግባር፣ ከወተት፣ ከዓሣና ከጥራጥሬ ፕሮቲን ተሰባብረው የሚገኙ ጥቃቅን ቁራጮችም በላቦራቶሪ ብልቃጥ ውስጥ ሲያከናውኑት መታየት ከጀመረ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። ግኝቱ በተለይ በጃፓን አንድ ራሱን የቻለ የምግብ ዘርፍ አስገኝቷል፤ ይሁን እንጂ በብልቃጥ የታየው ኃይል በሰው አካል ውስጥ እጅግ ተመናምኖ ይገኛል፤ ለዚህም ዋናው ምክንያት ነገሩ ምግብ መሆኑ፣ ምግብ ደግሞ የሚፈጭ መሆኑ ነው።

ፕሮቲን አሚኖ አሲድ የሚባሉ ሞለኪውሎች በክር እንደተሰካ ዶቃ ተያይዘው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። በሕያዋን አካል ውስጥ ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥኑት ኢንዛይሞች ይህን ሰንሰለት በውሃ ሞለኪውል እየታገዙ ሲቆርጡት ፔፕታይድ የሚባሉ አጫጭር ቁራጮች ይገኛሉ፤ የእነዚህ ቁራጮች ድብልቅ ሃይድሮላይሴት ይባላል። በፋብሪካ ደረጃ ኬዚን የተባለው ዋናው የወተት ፕሮቲን ወይም አጓት ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ፣ ሙቀቱና አሲድነቱ ተስተካክሎ ኢንዛይም ይጨመርበታል፤ ቆረጣው ሲበቃ ኢንዛይሙ በሙቀት እንዲመክን ይደረግና ትናንሾቹ ቁራጮች በረቂቅ ማጣሪያ ይለያሉ። ውጤቱ ብዙ ጊዜ መራራ ነው፤ ይህም ለሳይንቲስቱ ተራ ነገር ቢመስልም አምራቹን በብርቱ የሚፈትን ጉዳይ ነው፤ በየቀኑ ለወራት ይጠጣ የተባለ ነገር የማይጠጣ ከሆነ ጥቅሙ ሁሉ ከንቱ ነውና።

ቁራጮቹ የደም ግፊትን እንዴት እንደሚነኩ ለመረዳት ሰውነት ግፊቱን ከፍ የሚያደርግበትን አንድ መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። ኩላሊት ሬኒን የተባለ ኢንዛይም ወደ ደም ይለቃል፤ ሬኒን ጉበት ከሚያመነጨው ፕሮቲን ላይ አሥር አሚኖ አሲድ ያለውን አንጂዮቴንሲን አንድን ይቆርጣል፤ በሳንባ የደም ሥሮች በብዛት የሚገኘው አንጂዮቴንሲን ለዋጭ ኢንዛይም ደግሞ ከዚህ ላይ ሁለቱን አንስቶ አንጂዮቴንሲን ሁለት የተባለውን ባለ ስምንት አሚኖ አሲድ ንጥረ ነገር ያስገኛል። ይህ የመጨረሻው የደም ሥርን ያጠብባል፣ ሰውነትም ጨውና ውሃ እንዲይዝ ያደርጋል። ያው ለዋጭ ኢንዛይም የደም ሥርን የሚያሰፋውን ብራዲካይኒንን ስለሚያፈርስ፣ እርሱን የሚገታ ማንኛውም ነገር ግፊትን በሁለት በኩል ይቀንሳል።

ክኒኖቹም፣ በብልቃጥ ደግሞ የምግብ ፔፕታይዶቹ፣ የሚገቱት ይህንኑ ለዋጭ ኢንዛይም ነው፤ የመድኃኒቱም ታሪክ ቢሆን የሚጀምረው ከፔፕታይድ ነው። ብራዚላዊው ሰርዢዮ ፌሬራ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጃራራካ በምትባለው እፉኝት መርዝ ውስጥ የብራዲካይኒንን ኃይል የሚያጎሉ ፔፕታይዶች አገኘ፤ ከእነርሱም አንዱ፣ ቴፕሮታይድ የተባለው፣ ግፊትን የሚቀንስ ሆኖ ቢገኝም በአፍ ሲወሰድ ስለማይሠራ በመርፌ ብቻ የሚሰጥ ሆኖ ቀረ። የስኩዊብ ኩባንያ ተመራማሪዎች ኩሽማንና ኦንዴቲ ጨጓራና አንጀት የማያፈርሱትን ትንሽ ሞለኪውል ነድፈው ካፕቶፕሪልን ሠሩ፤ መድኃኒቱም እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ተፈቀደ። የምግብ ፔፕታይዶች የሚጋፈጡት ያንኑ ቴፕሮታይድን ያሰናከለ የምግብ መፍጫ ሥርዓት ነው።

ይህን መሰናክል በመጠኑም ቢሆን ያለፉት ከጃፓን የመጡት ሁለት ፔፕታይዶች ናቸው። ካልፒስ በመባል የሚታወቀውና ከ1919 ጀምሮ የሚሸጠው የጃፓን የኮመጠጠ ወተት መጠጥ፣ መሥራቹ ካይዩን ሚሺማ በሞንጎሊያ ምድር ከቀመሰው የረጋ ወተት የተነሣ ነው። የኩባንያው ተመራማሪዎች በ1995 ባሳተሙት ጥናት፣ ላክቶባሲለስ ሄልቬቲከስ የተባለችው ባክቴሪያ ከምታኮመጥጠው ወተት ቫሊን-ፕሮሊን-ፕሮሊንና አይዞሉሲን-ፕሮሊን-ፕሮሊን የተባሉትን ባለ ሦስት አሚኖ አሲድ ፔፕታይዶች ለይተው አወጡ። ፕሮሊን የተባለው አሚኖ አሲድ ሰንሰለቱን ስለሚያጣምመው ቆራጭ ኢንዛይሞች በቀላሉ አያገኙትም፤ ፔፕታይዶቹም በማጠራቸው የተወሰነው መጠን ሳይፈርስ የአንጀትን ግድግዳ ለማለፍ ይችላል። በቀጣዩ ዓመት በ30 አረጋውያን ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ከዚሁ የኮመጠጠ ወተት በቀን 95 ሚሊ ሊትር የጠጡት ሰዎች የላይኛው ግፊት በስምንት ሳምንት ውስጥ በ14 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ወረደ።

ይህ ከመድኃኒት የሚጠበቅ ውጤት በመሆኑ ገበያውን ማነቃቃቱ አያስገርምም፤ ከሠላሳ ሰዎች ብዙ መደምደም ግን አይቻልም። በ2011 የታተመ የበርካታ ሙከራዎች ጥቅል ትንተና አማካዩን ቅናሽ ወደ 3.7 ያወረደው ሲሆን፣ በእስያውያን ላይ 6.9 ያህል፣ በአውሮፓውያን ላይ ግን 1.2 ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ልዩነቱ ከዘር፣ ከአመጋገብ ወይስ ከሙከራዎቹ አሠራር እንደመጣ አከራካሪ ነው። ከዚህ በላይ ግራ የሚያጋባው፣ ከጠጪዎች ደም የተለካው የፔፕታይድ መጠን ኢንዛይሙን ለመግታት ከሚያስፈልገው እጅግ ያነሰ መሆኑ ነው፤ በብልቃጥም ቢሆን ጉልበታቸው ከካፕቶፕሪል በመቶዎች እጥፍ ይደክማል። በመሆኑም አንዳንድ ተመራማሪዎች ፔፕታይዶቹ የደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ እንዲያመነጭ በማድረግ፣ ማለትም በሌላ መንገድ፣ እንደሚሠሩ ይገምታሉ። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2012 ማስረጃውን መርምሮ የምክንያትና የውጤት ዝምድናው አልተረጋገጠም ሲል ወሰነ፤ ጃፓን በበኩሏ በ1991 ባቋቋመችው ልዩ የምግብ ፈቃድ ሥርዓት እንዲህ ያሉ መጠጦች ከነጥቅማቸው ማስታወቂያ እንዲሸጡ ፈቅዳለች።

ለንጽጽር ያህል፣ በ1997 ውጤቱ በታተመው ዳሽ በተባለው የአሜሪካ ጥናት፣ አትክልት፣ ፍራፍሬና ቅባቱ የተቀነሰ የወተት ምግብ የበዛበት አመጋገብ የደም ግፊት ሕመምተኞችን የላይኛ ግፊት በ11.4 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ቀንሷል፤ ያለ ማጣሪያና ያለ ፋብሪካ።

የኢትዮጵያ እርጎ ወተቱ ሲረጋ ኬዚን በባክቴሪያዎች በከፊል ስለሚሰባበር የጃፓኑ መጠጥ ዘመድ ነው፤ የሽምብራም ፕሮቲን በላቦራቶሪ በኢንዛይም ሲቆረጥ ለዋጭ ኢንዛይሙን የሚገቱ ፔፕታይዶችን ሰጥቷል። ይሁንና በቅል የሚረጋ እርጎ በአንዲት ተመርጣ በተዘራች ባክቴሪያ ሳይሆን በብዙ ዓይነት ረቂቅ ተሕዋስያን ድብልቅ የሚኮመጥጥ በመሆኑ፣ የሚወጡት ፔፕታይዶች ዓይነትና መጠን ከቅል ቅል፣ ከወቅት ወቅት ሊለያይ ይችላል፤ በመሆኑም የጃፓኑ መጠጥ ውጤት፣ በመጠኑ እንኳ እውነት ቢሆን፣ በቀጥታ ለእርጎ ሊቆጠር አይችልም።