ጭዱ ጭቃውን ካልያዘ

ከስልክ ወደ ስልክ የሚዘዋወረው «ግራፊን ጣል የተደረገበት ታይታኒየም ከአረብ ብረት 200 እጥፍ ይጠነክራል» የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። 200 የተባለው የግራፊን የራሱ ልክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ እንከን የለሽ፣ የአንድ አቶም ውፍረት ያለው የካርቦን ቅጠል ሲፈተን 130 ጊጋፓስካል ገደማ ቻለ። ያንን ቁጥር ወስዶ ለታይታኒየሙ መስጠት አንባቢን ማሳሳት ነው።

በሐይቅም ሆነ በአምባሰል ቤት መርጎ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የጤፍ ጭድ ገብቶበት፣ ተረግጦና ቦክቶ የተመረገ ግን ስንጥቁ ሲጀምር ጭዱ ግራና ቀኙን ይዞ ያስቀረዋል። ይህን የሚችለው ግን ጭቃው አጥብቆ ስለያዘው ነው። ሳይበተን አንድ ቦታ የተከመረ ጭድ ግድግዳውን ከማድከም በቀር ጥቅም የለውም፤ ግራፊንም እርስ በርሱ ተጣብቆ መከመር ይወዳል።

አሁን ስሌቱን እንየው። ግራፊን 130 ጊጋፓስካል ላይ የሚደርሰው የርዝመቱን ሩብ ያህል ሲለጠጥ ነው። የአውሮፕላን ታይታኒየም ቅይጥ ደግሞ 1 በመቶ ገደማ እንደተለጠጠ ወደ ነበረበት መመለስ ያቅተዋል። በዚያን ጊዜ ግራፊኑም አብሮት የተለጠጠው 1 በመቶ ነው፤ ግትርነቱ 1,000 ጊጋፓስካል ስለሆነ የሚሸከመው 10 ጊጋፓስካል ብቻ ይሆናል። ከይዘቱ 0.5 በመቶው ግራፊን ቢሆን፣ ቅጠሎቹ ሁሉ በጉተታው አቅጣጫ ቢሰለፉ፣ አንዱም ባይንሸራተት፣ ድርሻቸው 50 ሜጋፓስካል ነው። ቅይጡ ብቻውን 900 ሜጋፓስካል አካባቢ ይችላል። 200 እጥፉ ታዲያ ከየት መጣ?

ቤተ ሙከራዎች ከ50 ሜጋፓስካል የበለጠ ጭማሪ ማግኘታቸው እውነት ነው። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። የታይታኒየምና የግራፊን ድብልቅ ዱቄት በሙቀትና በግፊት ሲጋገር ታይታኒየም ካርቦኑን ከግራፊኑ ነጥቆ ታይታኒየም ካርባይድ ይሠራል። ይህ ካርባይድ ስስ ሆኖ ሲቀር ቅጠሉን ከብረቱ ጋር ያያይዛል፤ ምድጃው ውስጥ ከቆየ ግን ግራፊኑን በልቶ ይጨርሰዋል። ጥቃቅን የካርባይድ ቅንጣቶች ደግሞ የብረቱ ክሪስታሎች እንዳያድጉ ያግዳሉ፤ ክሪስታሉ ባነሰ መጠን ብረቱ ይጠነክራል።

ከእነዚህ የትኛው ዋናው እንደሆነ ተመራማሪዎች ይከራከራሉ። እኔ ለግራፊን ከሚሰጠው ምስጋና ብዙው ለካርባይዱና ለክሪስታሎቹ ይገባል ባይ ነኝ። ይህ ግን እንደ ዱቄቱ መጠን፣ እንደ ሙቀቱና እንደ ጊዜው ይለያያል፤ ዱቄቱ ሲፈጭ የሚገባው ኦክስጅንም ታይታኒየምን ስለሚያጠነክር ሒሳቡን ያዛባል። እኔስ ከግራፊን ይልቅ የታይታኒየም ቦራይድ መርፌዎችን አስበልጣለሁ፤ እዚያው ብረቱ ውስጥ ስለሚያድጉ፣ ጭቃው አጥብቆ እንደያዘው ጭድ፣ ከተፈጠሩበት ጊዜ ጀምሮ የተያዙ ናቸው።

ጥንካሬ ሲጨምር አብዛኛውን ጊዜ መለጠጥ ይቀንሳል፤ ሳይለጠጥ ድንገት የሚሰበር ብረት ለአውሮፕላን ክንፍ አይሆንም። ስለዚህ ቀጣዩ ዜና ሲመጣ ናሙናው ከመሰበሩ በፊት ምን ያህል እንደተለጠጠ ይጠየቅ፤ ከዚያው ዱቄት፣ በዚያው ምድጃ፣ ያለ ግራፊን የተጋገረው ናሙና ስንት እንደቻለም ይነገረን።