የደመናው ፎቶግራፍና የወደቡ ዝናብ

ገንዘቡ በዕቃ ተለውጦ በወደብ መጋዘን የሚያድርበት ነጋዴ የጠረፉን የአየር ጠባይ ማወቅ ይገባዋል። በቀይ ባሕር ዳርቻ ዝናብ ብርቅ ነው፤ ሲመጣ ግን የዓመቱን በጥቂት ሰዓት ያወርደዋል።

ኅዳር 16 ቀን 2002 ዓ.ም. በጅዳ ከተማ የደረሰው ለዚህ ምስክር ነው። በአራት ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ 90 ሚሊሜትር የሚጠጋ ዝናብ ወረደ፤ ይህም ከተማዋ በዓመት ከምታገኘው አማካይ መጠን ይበልጣል። ደርቀው የኖሩት ሸለቆዎች በጐርፍ ሞልተው ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ።

የዚህ ዐይነት ዝናብ የሚወለደው፣ ከባሕሩ የሚነሣው ሞቃትና እርጥብ አየር ከሰሜን በከፍታ ከሚመጣው ቀዝቃዛ አየር በታች ሲገባ ነው። በጠረፉ ያሉት ተራሮች አየሩን ይበልጥ ወደ ላይ ስለሚገፉት፣ የነጐድጓድ ደመና ከ10 ኪሎሜትር በላይ ይቆለላል።

ይህን የሚከታተለው ሳተላይት ነው። ሜቴዎሳት የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች 36,000 ኪሎሜትር ያህል ከፍ ብለው ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞሩ፣ ዘወትር አንዱን ስፍራ ያያሉ። በሌሊትም ቢሆን ከደመናው የሚወጣውን የሙቀት ጨረር ይለካሉ። የደመናው ራስ ከፍ ባለ መጠን ስለሚቀዘቅዝ፣ እጅግ የቀዘቀዘና ከአንዱ ፎቶግራፍ ወደ ሌላው እየሰፋ የሚሄድ ደመና ብርቱ ነጐድጓድ እንዳለበት ይገመታል።

ይሁን እንጂ ፎቶግራፉ የሚያሳየው የደመናውን ራስ እንጂ ከሥሩ የሚወርደውን ውሃ አይደለም። ቀዝቃዛ ደመና ሁሉ አያዘንብም። በየካቲት 2006 ዓ.ም. አሜሪካና ጃፓን በኅብረት ያመጠቁት ሳተላይት በራዳር የደመናውን ውስጥ ይመረምራል፤ ዳሩ ግን ምድርን እየዞረ ስለሚያልፍ በአንድ ስፍራ አይቆይም። ስለዚህ ሊቃውንቱ የሁለቱን ውጤት በምድር ላይ ካለው የዝናብ መለኪያ ጋር ያመሳክራሉ።

ከኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው የሚያልፍበት የጅቡቲ ወደብ በቀይ ባሕር መግቢያ አጠገብ ይገኛል፤ ከተማይቱንም በኅዳር 2012 ዓ.ም. ጐርፍ መትቷታል። ከፎቶግራፉ የሚገኘው የነጐድጓድ ማስጠንቀቂያ በሰዓት የሚቆጠር በመሆኑ፣ በዚያ ጊዜ ብዙ ጭነት ማንሣት አይቻልም። እንግዲህ ሲሚንቶውን፣ ስኳሩንና ማዳበሪያውን ከወለል ከፍ አድርጎ መደርደር፣ ሸራም ማዘጋጀት፣ የኢንሹራንሱ ውል የጐርፍን ጉዳት የሚጨምር መሆኑንም መመርመር ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን የሚፈጸም ሥራ ነው።