ስለ ባሕር መንገድና ስለ ቢሮ ወረቀት





በጫሞ ሐይቅ ዳር ሙዝ የሚያለማ ገበሬ የውሃ መሳቢያ ሞተሩ ሲሰበርበት፣ መለዋወጫው ብዙ ጊዜ የሚመጣለት ባሕር ተሻግሮ፣ በጅቡቲ ወደብና በሞጆ ደረቅ ወደብ በኩል ነው። ከኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ መርከቦች በቀይ ባሕር ላይ ስለ ተጠቁ፣ ታላላቆቹ የኮንቴይነር መርከብ ኩባንያዎች የስዌዝን ቦይ ትተው በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ዞሩ፤ ከእስያ አውሮፓ የሚደረገውም ጉዞ 10 ቀን ያህል ረዘመ። ከእስያ ጅቡቲ የሚመጣው መርከብ የባብ ኤል መንደብን ወሽመጥ ባያልፍም፣ ለአደጋው ጎረቤት ስለ ሆነ የመድን ዋጋው አብሮ ናረ።

ይህን ማስቀረት ከእኛ ሥልጣን ውጭ ነበር። ነገር ግን ኮንቴይነር ወደብ ደርሶ ከተፈቀደለት ቀን በላይ ሲቆይ በየቀኑ ኪራይ ይቆጠርበታል፤ ዕዳውም በመጨረሻ የሚያርፈው በዕቃው ገዢ ጫንቃ ላይ ነው።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ማኅተምና ፊርማ የያዛችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ሰነድ ይዞ የመጣውን ሰው «ነገ ተመለስ» ስትሉ፣ በጫሞ ዳር አንድ የሙዝ ማሳ ውሃ ሳይጠጣ እንደሚያድር አስቡ። ባሕሩ ያስረዘመውን ቀን ማሳጠር ባንችል፣ ከቢሯችን ሌላ ቀን አንጨምርበት።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአርባ ምንጭ